ቪዲዮው ለምን ተንጋደደ?

ሊኑክስ ላፕቶፔ ላይ ገና በሙከራ ያለ የግራፊክስ ድራይቨር (የግራፊክስ ቺፑን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ጫንኩ። ዴስክቶፑ ፈጠነ፤ ደስ አለኝ። ማታ ግን ደሴ ቤታችን ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ የተቀረጸውን የእህቴን ሰርግ ለእማዬ ስከፍትላት ምስሉ ወደ ጎን ተንጋደደ። «ፊቷ የታለ?» አለች።

ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ሞከርኩ። ወርዱ 1280 ፒክስል የሆነው ጥርት ብሎ ታየ። የሰርጉ 854 ነው። ነገሩ እዚህ ጋ ነው! 1280 ለ64 እኩል ይካፈላል፤ 854 አይካፈልም። ዲኮደሩ (የታመቀውን ቪዲዮ የሚፈታው ክፍል) እያንዳንዱ ረድፍ የ64 ብዜት እንዲሆን በባዶ ባይት ሞልቶ 896 ሲያደርሰው፣ ድራይቨሩ 854 ብሎ ካነበበው ረድፉ በየመስመሩ 42 ፒክስል ይንሸራተታል።

ኤምፒቪ በተባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ሃርድዌር ዲኮዲንግ (ቪዲዮውን በግራፊክስ ቺፑ መፍታት) አጠፋሁ፤ ወዲያው ተስተካከለ። ፕሮሰሰሩ ትንሽ ይሞቃል፣ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ቪዲዮ ግን ችግር የለውም። አዲስ የድራይቨር እትም ስጭን መልሼ አብርቼ በዚያው በ854ቱ እሞክረዋለሁ።