ከፖስተኝነት በኋላ ሥራ እንዴት ይፈለጋል?

ብዙ ዓመት ደብዳቤ ሲያድል የኖረ ሰው ሥራውን ሲለቅ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «እኔ ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ?» የሚል ነው። እኔም 17 ዓመት ቦርሳ ተሸክሜ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ይህንኑ ሳስብ ነበር። ማመልከቻ ስሞላ «የቀድሞ ሥራ» በሚለው ቦታ «ፖስተኛ» ብዬ ጽፌ አልፈዋለሁ። በቃ፣ አንድ ቃል። ማንም አልደወለልኝም። አይፈረድባቸውም፤ ያንን ቃል የሚያነብ ሰው የሚታየው ወረቀት በር ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው። ጠዋት በጨለማ የሚደረገው የደብዳቤ ድልደላ አይታየውም፣ ዝናቡ አይታየውም፣ የተቀያየረ የቤት ቁጥር አጣርቶ ትክክለኛውን ሰው ማግኘት ምን እንደሚመስል አያውቅም።

እናንተ ያን ሁለት ወር እንዳታባክኑት ነው ይህን የምጽፈው።

ገና ሳትለቁ

የመልቀቂያ ደብዳቤ ካላስገባችሁ ጥሩ ጊዜ ላይ ናችሁ። መጀመሪያ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን አስቡበት። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በፖስታ አዳይነት አገልግለዋል» የሚል ሁለት መስመር ነው። በሁለት መስመር አትውጡ። ስንት የማደያ መስመር ላይ እንደሠራችሁ፣ የአደራ ደብዳቤ (በፊርማ ብቻ የሚሰጥ)ና ሲደርስ ገንዘብ የሚሰበሰብበት እቃ ይዛችሁ እንደነበር፣ አዲስ ሠራተኛ አሠልጥናችሁ ከሆነ፣ ተሽከርካሪ ነድታችሁ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ እንዲገባ ጠይቁ። ራሳችሁ አርቅቃችሁ ብታቀርቡላቸው ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ የቢሮ ሰው ከባዶ መጻፍ ይሰለቸዋል እንጂ እውነት ሆኖ የተዘጋጀ ነገር መፈረም አይከብደውም። በደንብ የሚያውቃችሁ አለቃ ነገ ሊዛወር ይችላልና አታዘግዩት።

ሌላው ሐኪም ነው። የሕክምና ሽፋናችሁ ሳይቋረጥ ጉልበታችሁን፣ ትከሻችሁን፣ ወገባችሁንና ተረከዛችሁን አስመርምሩ። ቦርሳ ለዓመታት በአንድ ትከሻ የያዘ ሰው፣ በቀን በመቶ የሚቆጠር ደረጃ የወጣና የወረደ ሰው፣ ሕመሙን ስለለመደው ብቻ ጤነኛ ነኝ ይላል። ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ከሆነ በጽሑፍ ይያዝላችሁ። በብዙ ቦታ የካሳ ጥያቄ የጊዜ ገደብ አለው፤ ከወጡ በኋላ ማስረዳት ደግሞ በጣም ይከብዳል። የጡረታ መዋጮና ያልተጠቀማችሁበትን የዓመት ፈቃድም በጽሑፍ አረጋግጡ። ጡረታ ለማግኘት የቀራችሁ ጥቂት ወር ከሆነ፣ እባካችሁ ተናዳችሁ አትውጡ።

«ፖስተኛ» የሚለውን ቃል ዘርዝሩት

ይህ ክፍል ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንድ ደብተር ያዙና አንድ ተራ የሥራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ፣ ምንም ሳትንቁ ጻፉ። ደብዳቤውን በመንገዱ ቅደም ተከተል ደለደልኩ። የአደራውን ለይቼ ቆጥሬ ፈረምኩ። መንገድ ስለተዘጋ አካሄዴን ቀየርኩ። አድራሻው የተሳሳተ ሦስት ፖስታ ነበር፣ ሁለቱን ባለቤቱን አገኘሁ፣ አንዱን ምክንያቱን ጽፌ መለስኩ። በስካነር መዘገብኩ፣ አስፈረምኩ፣ የሰበሰብኩትን ገንዘብ አስረከብኩ። ጥቅሏ ዘግይቶባት የተቆጣች ደንበኛ አረጋጋሁ።

አሁን ከያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ቀጣሪ የሚፈልገውን ስም ጻፉለት። መደልደሉ እቃ አደራደርና የክምችት ሥራ ነው። አካሄድ መቀየሩ የስምሪት እቅድ ነው። ቆጥሮ መረከብና ማስረከብ የንብረት ቁጥጥር ነው። የተቆጣ ሰው ማረጋጋት የደንበኛ አገልግሎት ነው፣ ያውም ስልክ ይዞ ሳይሆን ፊት ለፊት ቆሞ፣ እሱ ደግሞ የባሰ ይከብዳል። ይህ ማጋነን አይደለም። ሥራው ድሮም ይኸው ነው፤ እኛ ነን ስም ያልሰጠነው።

ከዚያ ቁጥር ጨምሩበት። እንበልና መስመራችሁ 450 አድራሻ ነበረው፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 48 ሳምንት ሠርታችኋል። ሁሉም ሲደመር በዓመት 108,000 ጊዜ ሰው በር ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው። በ10 ዓመት ከሚሊዮን ያልፋል። «በትጋት የምሠራ» ከሚል ቃል ይልቅ «በቀን 450 አድራሻ፣ ለ10 ዓመት» የሚለውን ቀጣሪው አንብቦ ቀና ይላል። የራሳችሁን ትክክለኛ ቁጥር ተጠቀሙ፤ የማታውቁትን አትገምቱ፣ ኢንተርቪው ላይ ያጋልጣችኋል።

ሲቪው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። 17 ዓመት አንድ ቦታ መሥራት አሥር ገጽ አይሞላም፣ መሙላትም የለበትም። በዚያ ዓመት ውስጥ መስመር ቀይራችሁ፣ ከእግር ወደ ሞተር ተዛውራችሁ፣ ወይም ለጊዜው ቡድን መርታችሁ ከሆነ እንደ የተለያየ ኃላፊነት ለየብቻ ጻፉት። አለበለዚያ ቆማችሁ የቀራችሁ ይመስላል።

የት የት ልፈልግ?

ሁሉም ሰው የሚላችሁ ነገር አንድ ነው፤ «ዴሊቨሪ ግባ!» ቆይ፣ ወደሱ እመጣለሁ። ከሱ በፊት ብዙ ሰው ልብ የማይላቸውን በሮች ላሳያችሁ።

በጣም የምወደው የትልልቅ ተቋማት የመዝገብና የፖስታ ክፍል ነው። ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ፍርድ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ገቢና ወጪ ደብዳቤ የሚያስተናግድ ሰው አላቸው። ሥራውን ታውቁታላችሁ፣ ጣሪያ ሥር ነው፣ ሰዓቱም የታወቀ ነው። ችግሩ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይለጠፍም። ስለዚህ በአካል ሄዳችሁ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ፣ ማመልከቻችሁን ትታችሁ ኑ፣ ከሳምንት በኋላ ደውሉ።

ቀጥሎ ስምሪት ነው። እቃ የሚያደርስ ድርጅት ሁሉ ሾፌሮችን የሚያሰማራ፣ ማን የት ይሂድ የሚል፣ እቃ ሲጠፋ የሚያፈላልግ ሰው ይፈልጋል። ወጣቶቹ ኮምፒውተሩን ያውቁታል፣ መንገዱን ግን እንደናንተ አያውቁትም። ፕሮግራሙ «ይህን 40 ቦታ በ5 ሰዓት ውስጥ ጨርስ» ሲል ያ የማይሆን መሆኑን በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ ሰው ውድ ነው። እዚህ ለመግባት ግን ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ መሥራት፣ መደርደርና ማጣራት መቻል አለባችሁ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ከሰጣችሁት በጥቂት ሳምንት የሚለመድ ነገር ነው። የልጅ ልጅም ቢሆን ቁጭ ብሎ ያስተምራችኋል፣ አትፈሩ።

የሕክምና ናሙናና መድኃኒት ማመላለስም አለ። ደምና ሌላ ናሙና ከክሊኒክ ወደ ላቦራቶሪ በሰዓቱ፣ በተገቢው ቅዝቃዜ፣ በፊርማ መድረስ አለበት። የአደራ ደብዳቤ ይዞ የኖረ ሰው የርክክብን ነገር ማስተማር አያስፈልገውም፤ የሚጨመረው የንጽሕናና የአያያዝ ሥልጠና ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ማድረስ፣ የውኃና የመብራት ቆጣሪ ማንበብ፣ የአድራሻና የቤት ምዝገባ መረጃ መሰብሰብ፣ የመጋዘን ቆጠራ፣ የተማሪ ማመላለሻ መንዳት፣ እነዚህም የናንተው ዘመዶች ናቸው። ለመንዳቱ የመንጃ ፈቃዳችሁን ደረጃ ቀድማችሁ እዩት፣ ማሳደግ ጊዜ ይወስዳል።

አንድ ነገር በጣም ልለምናችሁ። ከድሮው ሥራ የሰዎችን ስም፣ አድራሻ ወይም ስልክ ዝርዝር ይዛችሁ አትውጡ፣ አዲስ ቀጣሪ ቢጠይቃችሁም አትስጡ። ሰው በሩን የከፈተላችሁ ፖስተኛ ስለሆናችሁ ነው። በብዙ አገር በሕግም ያስጠይቃል። በመንገዳችሁ ላይ የምታውቁት ሱቅ ወይም ቢሮ ሄዳችሁ «ሥራ ለቀቅኩ፣ ሥራ እየፈለግኩ ነው» ማለት ግን ምንም ነውር የለውም። እኔ የአሁኑን ሥራዬን ያገኘሁት 11 ዓመት ደብዳቤ ሳደርስለት የነበረ የአንድ ቢሮ ጥበቃ ነግሮኝ ነው።

ዴሊቨሪ ልግባ ወይስ አልግባ?

ግቡ፣ ግን ሒሳብ ሠርታችሁ ግቡ። ደሞዝ ያለው ሠራተኛ ሆኖ መቀጠር ሌላ ነው፣ በራስ ተሽከርካሪ በእቃ ብዛት መከፈል ሌላ ነው። ሁለተኛው ላይ ብዙ የቀድሞ ባልደረቦቼ ተጎድተዋል።

እንበልና በቀን 100 ገባችሁ፣ የተነገራችሁም 8 ሰዓት ነው። በሰዓት 12.5 መሰላችሁ። ነዳጅ 20 ወሰደ። ለጎማ፣ ለዘይትና ለጥገና 15 ማስቀመጥ ነበረባችሁ። ኢንሹራንስና ስልክ 5። የቀረው 60 ነው። መጋዘን ቆማችሁ የጠበቃችሁበትና ያልተቀበሉትን እቃ የመለሳችሁበት ሲቆጠር ደግሞ ቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል። በሰዓት 6። ከግማሽ በታች! ለሁለት ሳምንት ደቂቃም ሳታስቀሩ መዝግቡና የራሳችሁን ቁጥር አውጡ። ከዚያ ለቀጣሪው አራት ነገር ጠይቁ፦ ደንበኛ ቤት ከሌለ ይከፈለኛል? እቃ ቢጠፋ ተጠያቂው ማን ነው? ብታመም ምን ይሆናል? ውሉን ለማቋረጥ ስንት ቀን ቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል? መልሱን በቃል ሳይሆን በወረቀት ተቀበሉ።

«ለምን ለቀቁ?»

ይህ ጥያቄ የማይቀር ነው። የድሮውን መሥሪያ ቤት አታማርሩ፣ ብትበደሉም። መልሱ አጭርና እውነት ይሁን። ደብዳቤ እየቀነሰ መምጣቱን የማያውቅ የለም። በዴንማርክ ፖስትኖርድ የተባለው የፖስታ ድርጅት የደብዳቤ ብዛት እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ስለወረደበት በ2025 መጨረሻ ደብዳቤ ማደሉን ጨርሶ አቁሟል፤ ከ1624 ጀምሮ የነበረ አገልግሎት ነው። በአሜሪካም ተራው የፖስታ ደብዳቤ በ2001 ከ100 ቢሊዮን በላይ ነበር፣ ዛሬ ከግማሹ በታች ነው። ስለዚህ «ሥራው እየተቀየረ ነው፣ እኔም ያለኝን ልምድ ይዤ ወደሚያድግ ቦታ መሄድ ፈለግኩ» ብትሉ ማንም አይደነቅም። በጤና ምክንያት ከሆነም «ረጅም መንገድ በእግር መሄድ አቁሜያለሁ፣ ይህን ሥራ ግን ያለ ችግር እሠራለሁ» በሉ፣ ከዚያ አትዘርዝሩ።

«ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቦታ ሠርተው አዲስ ነገር መልመድ አይከብድዎትም?» የሚልም ይመጣል። እኔን አንዲት ከኔ በጣም የምታንስ ኃላፊ ጠየቀችኝ። «ስጀምር ሁሉም በወረቀትና በካርቦን ነበር፣ ስወጣ ስካነርና የስልክ መተግበሪያ ይዤ ነበር፤ ሁለቱንም እዚያው ነው የተማርኩት» አልኳት። ማስታወሻ ያዘች። እናንተም ሥራው ላይ እያላችሁ የተቀየሩትን ነገሮች ቀድማችሁ አስቧቸው፣ ሁለት ሦስት ምሳሌ ይበቃል።

ቀኑን እንዴት ልያዘው?

ለዓመታት ሌሊት ስትነሱ ኖራችኋል፤ ያ ሰዓት ሲጠፋ ቀኑ ይፈርሳል። የሚያሳዝነው ሥራ ማጣቱ ብቻ አይደለም፣ በመንገድ ሰላም የሚላችሁ ሰውም አብሮ ነው የሚጠፋው። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ቀን ቀን መተኛት ጀምሬ ነበር፣ ቤተሰብም ደነገጠ። የረዳኝ ነገር ቀላል ነው። በድሮው ሰዓቴ ተነሳሁ፣ አንድ ሰዓት በእግሬ ሄድኩ፣ ከዚያ እስከ እኩለ ቀን ሥራ መፈለግ ብቻ። በደብተር የት አመለከትኩ፣ መቼ፣ ማንን አነጋገርኩ፣ መቼ ልደውል፣ እንደ ማደያ መዝገብ ያዝኩት። ከሰዓት በኋላ እረፍት። ማታ ስለ ሥራ አይወራም፣ ባለቤቴም ተስማማች።

ከናንተ በፊት የለቀቁ ባልደረቦች አሉ አይደል? በዚህ ሳምንት ለሦስቱ ደውሉ። «ሥራ ፈልግልኝ» አትበሉ፣ ያስጨንቃል። አሁን የት እንዳሉ፣ እንዴት እንደገቡ፣ የሚከፈላቸው ከወጪ በኋላ ይበቃ እንደሆነ ጠይቁ። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ እነሱ በሚሠሩበት ቦታ በቅርቡ ሊለቅ ያሰበ ሰው ካለ ጠይቁና ቀኑን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።