አየርላንዳዊ ግዞተኛ ቅድመ አያት ሲፈለግ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብሪታንያ ከ1788 እስከ 1868 ድረስ ከ160,000 በላይ ፍርደኞችን በመርከብ ወደ አውስትራሊያ አግዛለች፤ ከእነሱም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት አየርላንዳውያን ናቸው። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የእነዚህን ሰዎች ዘር የሚቆጥር ሰው ከባሕሩ ወዲያና ወዲህ የሚያገኘው መዝገብ ለየቅል ነው። የአውስትራሊያዋ ደሴት የታዝማኒያ ጸሐፊዎች የግዞተኛውን ቁመት፣ አፍንጫና ቅንድብ ሳይቀር መዝግበዋል፤ አየርላንድ ውስጥ ግን ያው ሰው መወለዱን የሚያሳይ አንድ መስመር ላይገኝ ይችላል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው የሞላውን መዝገብ ሳይጨርሱ ወደ ጎደለው ከመሮጥ ነው።

ስም ብቻ ይዞ ባሕር መሻገር

ይህን የማይሠራ ጀማሪ የለም፤ ልምድ አለኝ የሚለውም ይሠራዋል። አያትየው ጆን መርፊ ይባላል እንበል። ፈላጊው የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያዘጋጀውን የግዞተኞች ማውጫ ይከፍታል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ከሚመጡለት ጆን መርፊዎች ዕድሜው ቀረብ የሚለውን ይመርጥና የዘር ሐረጉ ላይ ያንጠለጥለዋል። ቀጥሎ ሌላው ዘመድ ይገለብጠዋል፣ ከሱም ሌላው። ትንሽ ቆይቶ «ሁሉም ሐረጎች ይስማማሉ» ይባላል። ምን ይስማማሉ! አንዱ ግምት ነው የተባዛው። ጆን መርፊ፣ ሜሪ ራያን፣ ፓትሪክ ኬሊ የሚባሉ ሰዎች በአንድ መርከብ ላይ እንኳ ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ።

የግዞተኛ መለያው ስሙ፣ የመጣበት መርከብ፣ መርከቡ የደረሰበት ዓመት፣ የተፈረደበት ቦታና ቀን አንድ ላይ ሲያዙ ነው። የቅኝ ግዛቱ ሹሞች ራሳቸው ስመ ሞክሼዎችን የሚለዩት በመርከቡ ነበር። ዓመቱን መተው ግን አይቻልም፤ መርከቦቹ ይመላለሱ ነበርና። «ሰሪ» የተባለችው መርከብ በ1814 ሲድኒ ከገባች በኋላ ደጋግማ ግዞተኛ አምጥታለች። ስለዚህ «በሰሪ መጣ» የሚል ማስረጃ ዓመት ከሌለው ገና ግማሽ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከሞት ወደ ኋላ ነው። መጀመሪያ የሞት ማስረጃ፣ ቀጥሎ ጋብቻና የልጆች ክርስትና፣ ከዚያ የነፃነት ወረቀቶች፣ ከዚያ ኢንደንት የሚባለው የመርከቡ የግዞተኞች ዝርዝር፤ አየርላንድ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመንግሥት ምዝገባ ታዝማኒያ ውስጥ በ1838፣ ቪክቶሪያ በ1853፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1856 ተጀመረ። የቪክቶሪያና የኒው ሳውዝ ዌልስ የሞት ማስረጃ የወላጆችን ስም፣ የትውልድ ቦታን፣ የትዳርና የልጆችን ዝርዝር፣ ሟቹ በቅኝ ግዛቱ የኖረበትን ዘመን ጭምር ይጠይቃል። ይህን ዘመን ከሞተበት ዓመት ቀንሱና ከመርከቡ መድረሻ ዓመት ጋር አስተያዩ። ሁለት ሦስት ዓመት ቢዛነፍ አይገርምም፤ አስራ አምስት ዓመት ከተዛነፈ ግን ሌላ ሰው ይዛችኋል። ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነም አንብቡ። አማች ወይም ጎረቤት ከሆነ የሟቹን እናት ስም የሚያውቀው በወሬ ነው፤ ልጅ ከሆነ ደግሞ የአባቱን ግዞተኝነት ደብቆ ሊሆን ይችላል። «በነፃ መጣ» የሚለው የቤተሰብ ወሬ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚወለደው።

የሌለ ወረቀት መፈለግ

ፍርዱ በአብዛኛው 7 ዓመት፣ 14 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነበር፤ የሚቆጠረውም ከተፈረደበት ቀን እንጂ ከደረሰበት ቀን አይደለም። በመጋቢት 1825 ሰባት ዓመት የተፈረደበት ሰው የነፃነት ማስረጃው የሚፈለገው ከመጋቢት 1832 ጀምሮ ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ግን የነፃነት ማስረጃ አይሰጠውም፤ ለሱ የሚፈለገው ምህረት ነው። በገደብ የተሰጠ ምህረት ወደ ብሪታንያና አየርላንድ መመለስ ስለሚከለክል፣ ያገኘ ሰው አገሩ ገብቶ ሞተ የሚል ሐረግ ካያችሁ ጠርጥሩ። ከሁሉም በፊት የሚመጣው የፈቃድ ወረቀት በተመደበበት ወረዳ ለራሱ ሠርቶ እንዲኖር ይፈቅድለታል እንጂ ነፃ አያወጣውም።

ከ1827 ጀምሮ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ የተሰጡት የነፃነትና የፈቃድ ወረቀቶች ቀሪዎች የሰውን መልክ ይናገራሉ፦ ቁመት፣ የዓይን ቀለም፣ ጠባሳ፣ ንቅሳት። እነዚህን ከኢንደንቱ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ዕድሜ ሊዋሽ፣ ስም ሊለወጥ ይችላል፤ በግራ ክንድ ላይ ያለ የቃጠሎ ጠባሳ ግን የትም አይሄድም።

የተፈረደበትን ቦታ የትውልድ ቦታ ማድረግ

ደብሊን የተፈረደበት ሁሉ የደብሊን ልጅ አይደለም። ሥራ ፍለጋ ለንደን፣ ሊቨርፑል ወይም ግላስጎው ወርደው እዚያው የተፈረደባቸው አየርላንዳውያን የተጫኑት ከእንግሊዝ በተነሱ መርከቦች ነው፤ ከአየርላንድ በቀጥታ በተነሱት ላይ ብቻ የሚፈልግ አያገኛቸውም። ከ1820ዎቹ ወዲህ ያሉት ኢንደንቶች የትውልድ ቦታን ለብቻው ይጽፋሉ። ከዚያ በፊት ያሉት ስስ ናቸው። የመጀመሪያዋ መርከብ «ኩዊን» ከኮርክ በ1791 ከመጣች በኋላ በነበሩት ዓመታት የግዞተኞቹ የፍርድ ወረቀት በወጉ ሳይላክ የደረሱ የአየርላንድ መርከቦችም ነበሩ።

«1922 ሁሉንም በላው» ብሎ እጅ መስጠት

ሰኔ 30 ቀን 1922 በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ላይ ደብሊን የሚገኘው የፎር ኮርትስ መዝገብ ቤት ጋየ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች ከቁርጥራጭ በቀር ጠፉ፤ ኑዛዜዎች፣ የፍርድ ቤት ሰነዶችና ከግማሽ በላይ የሆነው «የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን» የሚባለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ መዝገብም አብሮ ነደደ። የ1861 እና የ1871 ቆጠራዎች ግን ቀደም ብሎ በመንግሥት ትእዛዝ ተወግደው ነበር፤ የ1881 እና የ1891 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ተፈጭተዋል። እነዚህን መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። የ1901 እና የ1911 ሙሉ ናቸው፣ በነፃም ይገኛሉ፤ የሚጠቅሙት ግን እዚያው የቀረውን ዘመድ ለማግኘት ነው።

የካቶሊክ አጥቢያ መዝገቦች በየአጥቢያቸው ስለነበሩ እሳቱ አላገኛቸውም። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ 1880 ገደማ ያሉትን በ2015 በነፃ በኢንተርኔት አውጥቷቸዋል። ችግሩ መነሻቸው ነው፤ በምዕራብ አየርላንድ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከ1820ዎቹ በኋላ ነው። በ1795 እዚያው ምዕራብ፣ ሜዮ ለተወለደ ሰው የክርስትና መዝገብ ላይኖር ስለሚችል፣ ከመጋዙ በፊት ያገባ ከሆነ የልጆቹን ክርስትና ፈልጉ፤ የክርስትና አባትና እናት ሆነው የተጻፉት ብዙ ጊዜ ዘመዶች ናቸው።

ስለ ግዞተኞቹ ማውጫም አንድ ነገር ይታወቅ። ከ1836 በፊት የነበሩት የግዞት መዝገቦች ተቃጥለዋል። ማውጫው ላይ ያሉት የዚያ ዘመን ሰዎች የተገኙት ከምህረት አቤቱታዎች ነው። አቤቱታ ያላስገባ ሰው ስሙ አይገኝም፤ ስለዚህ «ማውጫው ላይ ስለሌለ ግዞተኛ አልነበረም» ማለት ባዶ ድምዳሜ ነው። ለጠፋው የፍርድ ቤት ሰነድ ምትኩ የካውንቲው (የአውራጃው) ጋዜጣ ነው፤ ዘዋሪው ችሎት በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በበጋ ስለሚያስችል የፍርዱን ቀን ከያዛችሁ የምትገልጡት የጥቂት ሳምንታት ጋዜጣ ብቻ ነው።

የግብር መዝገብን እንደ ቆጠራ ማንበብ

ከ1847 እስከ 1864 የወጣው «የግሪፊዝ ግምት» የሚባለው ለግብር የተሠራ የንብረት ዋጋ መዝገብ መሬትና ቤት የያዘውን ሰው ስም ብቻ ይጽፋል፤ ሚስትና ልጅ የለበትም። ከ1823 እስከ 1837 የተዘጋጀው የአስራት መዝገብ ደግሞ የእርሻ መሬት እንጂ ከተማን አይነካም፤ መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ በአብዛኛው የለበትም፤ ከግዞተኞቹ ብዙዎቹ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ናቸው። በአንድ መንደር ሁለት ፓትሪክ ኬሊ ሲኖሩ የግሪፊዝ ጸሐፊዎች የአባትን ስም በቅንፍ ይጨምሩ ነበር፦ ፓትሪክ ኬሊ (ማይክል)። በአባት ስም ለሚጠራ ለእኛ አንባቢ ይህ ግልጽ ነው፤ ቅንፉን ሁለተኛ ስም አድርጎ የሚገለብጥ ግን ሞልቷል።

አጫጭሮቹ

ታውንላንድ የሚባሉት ትንንሽ የገጠር ክልሎች ከ60,000 በላይ ናቸው፤ ስማቸውም ይደጋገማል። ካውንቲና አጥቢያ ሳትይዙ ካርታ አትክፈቱ፤ የካቶሊክ አጥቢያና የመንግሥት አጥቢያ ወሰናቸው አንድ እንዳልሆነም አስታውሱ።

ኪንግስ ካውንቲ ዛሬ ኦፋሊ፣ ኩዊንስ ካውንቲ ሊሽ ነው።

የስም አጻጻፍ ላይ ድርቅ አትበሉ። ጸሐፊው የጻፈው የሰማውን ነው፤ «ኦ» እና «ማክ» ይወድቃሉ፣ ብሪጅት ዴሊያ ትሆናለች፣ በላቲን በተጻፈ የክርስትና መዝገብ ጄምስ ያዕቆቡስ ይባላል።

አየርላንዳዊ ሁሉ ግዞተኛ አይደለም። ከ1848 እስከ 1850 ብቻ ከ4,000 በላይ ወላጅ አልባ ልጃገረዶች ከድሆች መጠለያ በነፃ መጥተዋል። ግዞተኛ ሁሉም አርበኛ አልነበረም፤ በመጨረሻዋ መርከብ «ሁጉሞንት» 62 ፌኒያኖች (የብሪታንያን አገዛዝ የተቃወሙ የአየርላንድ ነፃነት ታጋዮች) ቢመጡም ከአየርላንድ የተጋዘው አብዛኛው ሰው የተፈረደበት በስርቆት ነው።

ሁለት እጩዎች ሲቀሩ

ሁሉንም አድርጋችሁ በአንድ ስም ሁለት ሰዎች ቢቀሩ ደስ የሚላችሁን አትምረጡ። ሁለቱንም በተለያየ ገጽ ያዙ፣ ማስረጃ እንዳልተገኘ ጻፉበት፣ የማትፈልጉትን ሰው ጨምራችሁ እስከ ሞታቸው ተከተሏቸው። አንዱ በ1835 ሆባርት ከተቀበረ፣ በ1841 ሲድኒ ክርስትና የተነሳውን ልጅ አባት አይሆንም፤ የቀረውን ሰው ጠባሳ ከኢንደንቱ ጋር አመሳክሩ።