ሁለቱም ወላጆች ሥራ ሲውሉ፦ ሰዓትን፣ ኃላፊነትንና የዓመት ፈቃድን ማከፋፈል

በአዲስ አበባ ባልና ሚስት ተቀጥረው በሚሠሩበት ቤት አብዛኛው ጭንቀት የሚነሣው ከሰዓት አለመገጣጠም ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከቀኑ 9፡30 ገደማ ሲለቁ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚወጣው 11፡30 ነው፤ በዚያ ላይ የታክሲ ሰልፉ አለ። ስለዚህ ዕቅዱ ከዚህ ክፍተት ይጀምር፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጁን ማን እንደሚቀበል፣ ሞግዚቷ ብትታመም ወይም ድንገት ሥራ ብትለቅ ደግሞ ማን እንደሚተካት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ተተኪው አክስትም ይሁን ጎረቤት አስቀድሞ የተስማማ መሆን አለበት፤ በችግሩ ዕለት ጠዋት የሚደወልለት ሰው ተተኪ አይባልም።

ቀጥሎ የቤቱ ሥራ ይከፋፈላል፤ አብዛኞቹ ጥንዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ባል ሲታዘዝ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ጉልበቱን አዋጣ እንጂ የማሰቡና የማስታወሱ ሸክም ከሚስቱ ላይ አልወረደም። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ከነሙሉ ኃላፊነቱ ለአንድ ሰው ይሰጥ። የትምህርት ቤቱን ጉዳይ የወሰደ ወላጅ ክፍያውን፣ የወላጆች ስብሰባውን፣ የቤት ሥራውንና የጠበበውን ጫማ ጭምር ይከታተላል፤ የምግቡን ጉዳይ የወሰደው ደግሞ ጤፉና በርበሬው ሳያልቅ ያውቃል፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት ከሆነም የእነዚያን ቀናት የምሳ ዕቃ ከዋዜማው ያስባል። ሌላው ወገን አሠራሩን አይንቀፍ፤ ሽሮው ትንሽ ቢቀጥን ቤት አይፈርስም። በየጥቂት ወሩ ድርሻ መለዋወጥም ይጠቅማል።

ሞግዚቷም ሠራተኛ ናትና የዕረፍት ቀኗ ይከበር።

በግል ድርጅት የሚሠሩ ወላጆች መብታቸውን ከወዲሁ ይወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች፤ ለአባት የተፈቀደው ግን ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። ይህ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ልጅ የሚጠብቅ አባት ከዓመት ፈቃዱ ለዚያ ጊዜ ቢያስቀር ይበጀዋል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይታከልበታል።

ልጆቹ ትምህርት ከጀመሩ በኋላ ይህ ፈቃድ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሥራ ግን አይዘጋም። አንዱ ወላጅ በሐምሌ፣ ሌላው በነሐሴ ቢወጣ ሁለት ወሩ ሙሉ በሙሉ ባይሸፈንም ልጆቹ ያለ ወላጅ የሚውሉባቸው ቀናት በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ የቀሩትን ሳምንታት አያት ቤት ወይም የክረምት ትምህርት ሊሸፍናቸው ይችላል። ጥቂት ቀናት ግን ቤተሰቡ አብሮ እንዲያርፍባቸው ይተዉ። አሠሪው የፈቃድ ፕሮግራም ሲያወጣ የሠራተኛውንም ፍላጎት በተቻለ መጠን እንዲያገናዝብ አዋጁ ስለሚጠይቅ፣ ማመልከቻው በጽሑፍ፣ ሥራውን ማን እንደሚሸፍን ከሚገልጽ ሐሳብ ጋር፣ ቢዘገይ በሚያዝያ ይቅረብ፤ ሰኔ ላይ ሁሉም ወላጅ ይጠይቃልና።