የደሴና የኮምቦልቻ የመድን ወኪሎች ሥራቸውን ከአቻ ጋር እንዴት ይለኩ?

ብዙ ወኪል ዓመቱን የሚገመግመው በሰበሰበው አረቦን፣ ማለትም ደንበኛው ለመድን በሚከፍለው ገንዘብ ብቻ ነው። ይህ ያሳስታል። የመኪና ዋጋ ሲወደድ አረቦኑም አብሮ ይወጣል፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ አንድም አዲስ ደንበኛ ያላገኘ ቢሮ ያደገ ሊመስል ይችላል። ከብሩ ጎን የፖሊሲውን (የመድን ውሉን) ብዛት ቁጠሩ።

አቻ ስትመርጡ የሥራውን ዓይነት እዩ። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪናና የፋብሪካ መድን የያዘ የኮምቦልቻ ቢሮ፣ ለባጃጅ ሦስተኛ ወገን ከሚሸጥ የወልድያ ቢሮ ጋር ቢነጻጸር ለሁለቱም ትርጉም የለውም። አምስት ተመሳሳይ ቢሮዎች ተስማምታችሁ የደንበኛ ስም ሳትጠቅሱ ምጣኔ ብቻ ተለዋወጡ። ከአማካይ ይልቅ የመሐለኛውን ቁጥር ያዙ፦ የእድሳት ውጤቱ (ጊዜያቸው ካለቀ ፖሊሲዎች የታደሱት) 38፣ 71፣ 74፣ 77 እና 80 በመቶ ከሆነ አማካዩ 68 ነው፤ አንዱ ደካማ ቢሮ ጎትቶታል። መሐለኛው 74 ለእውነቱ ይቀርባል።

ከሁሉ በላይ የቢሮን ጤና የሚያሳየው እድሳት ነው። በጥር 80 ፖሊሲዎች ጊዜያቸው አልቆ 62ቱ በ30 ቀን ውስጥ ከታደሱ ውጤቱ 77.5 በመቶ ነው። ካልታደሱት 18 ውስጥ ስድስቱ የቀሩት መኪናው ተሽጦ ከሆነ 62ን ለ74 ስታካፍሉ 83.8 ይሆናል። ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱ ቢሮ የተሸጠውን ቀንሶ ሌላው ሳይቀንስ ከላከ ንጽጽሩ ይበላሻል። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚጀምረው ከመዝገቡ ነው። የታደሰ ፖሊሲ አዲስ ቁጥር ስለሚያገኝ እንደ አዲስ ደንበኛ ይቆጠራል፤ ስለዚህ በፖሊሲ ቁጥር ሳይሆን በታርጋ ፈልጉ። ቀኑም ያምታታል፦ ፖሊሲው በፈረንጅ፣ መዝገቡ በሀበሻ አቆጣጠር ሲሆን ጃንዋሪ 5 የሚያልቀው ወደ ጥር ይገባል፤ ቀኑ ግን ገና ታኅሣሥ ነው። ለማብቂያ ቀን ሁለት ዓምድ አድርጉ።

የካሳ ምጣኔ (የዓመቱ ካሳ ለአረቦኑ ተካፍሎ) ላይ የተከፈለውን ብቻ መያዝ ጉዳቱን ያሳንሳል። 300,000 ብር ተከፍሎ፣ በዓመቱ መጨረሻ 150,000፣ በመጀመሪያው 50,000 ብር ያልተከፈለ ካሳ ከነበረ የዓመቱ ካሳ 400,000 ነው። ያልተከፈለውን ግምት ከመድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ጠይቁ። አካፋዩም በዓመቱ የተሸጠው አረቦን ሁሉ አይደለም፤ መጋቢት 1 በ24,000 ብር የተሸጠ የአንድ ዓመት ፖሊሲ የበጀት ዓመቱ እስከሚያልቅበት ሰኔ 30 የሚደርሰው የአራት ወር ድርሻ፣ 8,000 ብር ገደማ ነው። ቀሪው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ለትንሽ ቢሮ አንድ የተገለበጠ ተሳቢ ዓመቱን ስለሚያጠፋ፣ የተሽከርካሪውን መድን ከእሳትና ከባሕር ጭነት መድን ለይታችሁ የሦስት ዓመት ድምር ተመልከቱ።

የአምስቱ ትልልቅ ደንበኞች ድርሻም ይመዝገብ። ግማሹ አረቦን ከአንድ የጭነት ማኅበር የሚመጣ ከሆነ የእድሳቱ መቶኛ ምንም ያህል ቢያምር ያ ማኅበር የሄደ ዕለት ቢሮው ይናጋል።

2014ን ግን መነሻ አታድርጉ። በጥቅምቱ ጦርነት የደሴና የኮምቦልቻ ሥራ በመቋረጡ 2015 ከሱ ጋር ሲነጻጸር ዕድገቱ ይጋነናል፤ ከ2013 ጋር አነጻጽሩት።