ደሴት አገርን ከባህር ወራሪ ሲጠብቁ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ስለ ጦርነት ታሪክ ስንጨዋወት፣ «ደሴት አገርማ ምን አለባት፣ ዙሪያዋ ባህር!» የሚል አይጠፋም። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ባህር ለወራሪም መንገድ ነው። መርከብ ያለው ጠላት የሚወርድበትን ዳርቻ ይመርጣል፤ ጠባቂው ግን ሁሉንም መጠበቅ አለበት። እኛ ወሎዬዎች ይሄን ማወቅ አለብን። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ የደረሰው የእንግሊዝ ጦር ቀይ ባህር ዳርቻ ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ ነው የመጣው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለተኛው ስንቅን መርሳት ነው። እኔን ከሁሉም የሚቆጨኝ የእንግሊዙ ንጉሥ ሃሮልድ ታሪክ ነው። በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ በኩል ይመጣሉ ብሎ ደቡቡን ዳርቻ ለወራት ሲጠብቅ ከረመ። ሴፕቴምበር 8 ላይ ስንቁ አለቀ፤ ሠራዊቱም ወደየቤቱ ተበተነ። ብዙም ሳይቆይ የኖርዌይ ንጉሥ በሰሜን በኩል መጣ። ሃሮልድ ገስግሶ ሄዶ ሴፕቴምበር 25 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ድል አደረገው። ከሦስት ቀን በኋላ የኖርማኖቹ መሪ ዊልያም ጠባቂ የሌለውን ደቡብ ረገጠ። ሃሮልድ የደከመ ሠራዊቱን ይዞ ተመለሰ፤ ኦክቶበር 14 ሄስቲንግስ ላይ ወደቀ። ያ ሰው ጀግና ነበር። ያጣው እህል ነው።

ሦስተኛው፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ መርከብን አስሮ ማስቀመጥ ነው። በ1667 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ገንዘብ ስላጠረው ትልልቆቹን የጦር መርከቦች ሜድዌይ ወንዝ ላይ ባለው ወደብ አቆማቸው። መርከበኞቹም ደሞዛቸውን አላገኙም። ወንዙ ላይ የተዘረጋው ሰንሰለት ይበቃል ተባለ። ጁን ላይ ሆላንዶች ወንዙን ገቡ፤ ሰንሰለቱን በጥሰው መርከቦቹን አቃጠሉ። በንጉሡ ስም የተጠራችውን መርከብ፣ ሮያል ቻርልስንም ጎትተው ወሰዷት።

በአንድ በኩል ብቻ ማየትም አለ። በ1942 ሲንጋፖር ትልልቅ መድፎቿ የተዘጋጁት ከባህር ለሚመጣ መርከብ ነበር። ጃፓኖች ግን ከደሴቲቱ በስተሰሜን ያለችውን ማላያን በየብስ አቋርጠው በሰሜን በኩል ጠባቡን ውሃ ተሻገሩ። መድፎቹ መዞር አቃታቸው ሲባል ይሰማል፤ አብዛኞቹ ይዞሩ ነበር። ችግሩ ጥይታቸው በብዛት መርከብ መብሻ መሆኑ ነው፤ እግረኛ ላይ እምብዛም አይሠራም።

የመጨረሻው ድልን ሁሉ ለዕድል መስጠት ነው። በ1281 ሞንጎሎችን ከጃፓን ያባረረው ማዕበል ነው ይባላል። ማዕበሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከ1274ቱ ወረራ በኋላ ጃፓኖች ሃካታ ባህረ ሰላጤ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የድንጋይ ግንብ ሠርተው ነበር። ማታ ማታም በትናንሽ ጀልባ እየቀዘፉ ጠላት መርከብ ላይ ይወጡ ነበር። ሞንጎሎች እዚያ ወርደው መደላደል አልቻሉም፤ ማዕበሉ ሲመጣ ብዙዎቹ ገና መርከብ ላይ ነበሩ።