ፒክአፕ ከመቀየርዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ ሰው ውሎ አድሮ ፒክአፕ፣ ማለትም የክሮቹን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል፣ መቀየር ያምረዋል። «ቡቲክ» የሚለው ቃል በአማርኛ ቶሎ የሚያስታውሰን የልብስ መሸጫ ቢሆንም፣ በጊታር ወዳጆች ዘንድ ግን በጥቂት ባለሙያዎች እጅ፣ በትንሽ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም በትዕዛዝ የሚሠራ ዕቃን ያመለክታል። እንዲህ ያለ ጊታር የገዛ ወይም ሲመኘው የኖረ ሰው ደግሞ ከእንጨቱ ቀጥሎ ዐይኑን የሚጥለው ከክሮቹ ሥር በተደረደሩት ፒክአፖች ላይ ነው። ጉጉቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ እኔም ለዓመታት አብሬው ኖሬያለሁ፤ በመሳቢያዬ ውስጥ የተከማቹት የወለቁ ፒክአፖችም ይህን ይመሰክራሉ። ከእነዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የወለቁት እንከን ኖሮባቸው ሳይሆን፣ ምን እንደጎደለኝ ሳልለይ ስለገዛኋቸው ነው።

ጉድለቱን ሳይለዩ መፍትሔውን መግዛት

«ድምፁ አልጣመኝም» የሚለው አባባል ፒክአፕ ለመምረጥ የሚያበቃ መረጃ አይሰጥም። ቀጫጭኖቹ ክሮች ጆሮ የሚወጉ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ወፍራሞቹ ክሮች አንዱ ከሌላው ሳይለይ የሚደበላለቁ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ መጫወት ሲቆም ከስፒከሩ የሚሰማው ጉርምርምታ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። የመጨረሻው በሲንግል ኮይል (አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ባለው) ፒክአፕ ላይ የሚታይ የተፈጥሮ ባሕርይ ስለሆነ፣ አንዱን ሲንግል ኮይል በሌላ ውድ ሲንግል ኮይል መተካት አያጠፋውም። የሚያጠፋው እርስ በርስ ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ጥቅሎች ያሉት ሃምበከር ወይም በዚያው መርህ የተሠራ ፒክአፕ ነው። የመጀመሪያው ችግር ደግሞ ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያለዝበውን የቶን ቁልፍ ሩብ ዙር ወደ ኋላ በመመለስ ብቻ ሊስተካከል ይችላል፤ ብዙ ሰው ግን ያን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይረሳዋል። ስለዚህ ጊታሩን ምንም ማዛቢያ መሣሪያ በሌለበት በንጹሕ ድምፅ ተጫውቶ፣ የሚያስቸግረው የትኛው ክር፣ በየትኛው ፒክአፕና በየትኛው የአንገት ክፍል ላይ ሲሆን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያልቻለ ሰው ገና ለመግዛት አልደረሰም።

ከፍታውን ሳያስተካክሉ ፒክአፑን መጣል

በእኔ እምነት ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚያባክነው ስህተት ይህ ነው። ፒክአፕ በክር መንቀጥቀጥ የሚነቃ ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ብረት የሆነው ክር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ስለሚያናውጠው በሽቦው ውስጥ አነስተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በክሩና በማግኔቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢለወጥ የድምፁ ኃይል ብቻ ሳይሆን ጠባዩም አብሮ ይለወጣል። ለማስተካከል የሚያስፈልገው አንድ የቡሎን መፍቻና አንድ ማስመሪያ ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ወፍራሙን ክር በመጨረሻው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች በመጨረሻው) ላይ ተጭነው ይያዙና፣ ከክሩ ታች እስከ ፒክአፑ የብረት ጫፍ ያለውን ክፍተት ይለኩ። የቆየውን አሠራር ለሚከተል የስትራቶካስተር (የፌንደር ኩባንያ ጊታር) ፒክአፕ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ በፒክአፑ ግራና ቀኝ ዳር ያሉትን ቡሎኖች ግማሽ ግማሽ ዙር እያዞሩ በጆሮ መፍረድ ነው።

በተለይ የአልኒኮ 5 (በዋናነት ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬል፣ ከኮባልትና ከብረት የተቀየጠ) ማግኔት በቀጥታ እስከ ክሩ ሥር የሚደርስባቸው ሲንግል ኮይሎች ክሩን ወደ ራሳቸው የመሳብ ኃይላቸው ከፍተኛ ነው። ፒክአፑ በጣም ከተጠጋ፣ ወፍራሙ ክር በ12ኛው ፍሬትና ከዚያ በላይ ሲመታ ሁለት የማይስማሙ ድምፆች አብረው የሚወጡ ይመስላል፣ ጊታሩም አልቃኝ ይላል። ባለቤቱ አንገቱን፣ ብሪጁን (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበትን ክፍል)፣ አንዳንዴም ሠሪውን ሲወቅስ ይከርማል፤ ጥፋቱ ግን በሁለት ቡሎን የሚፈታ ነው። በሃምበከር ላይ ማግኔቱ ከጥቅሎቹ በታች ተጋድሞ ስለሚቀመጥ ስበቱ ይቀንሳል፣ ጠጋ ማድረግም ይቻላል። ክሮቹስ ስንት ጊዜ ቆዩ? የዛገ ክር ያለውን ጊታር ድምፁ ደበዘዘ ብሎ ፒክአፕ መቀየር ሳያጠቡ ሸሚዙን እንደ መጣል ነው።

በኪሎ ኦም ቁጥር መፍረድ

ሻጮች ሁሉ የሚጽፉት፣ ገዢዎችም ቀድመው የሚያነቡት ቁጥር በኪሎ ኦም የሚለካው የሽቦው ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ) ነው። 6 ኪሎ ኦም የሆነው ለስላሳ፣ 8 የሆነው መካከለኛ፣ 14 የሆነው ብርቱ ነው ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን ሬዚስታንስ የሽቦውን ርዝመትና ውፍረት እንጂ የድምፁን ኃይል በቀጥታ አይናገርም። በሌላው የፌንደር ጊታር በቴሌካስተር የተለመደው የአንገት ፒክአፕ (ለአንገቱ ቀርቦ የተቀመጠው) የሚጠመጠመው ከሌሎቹ በቀጠነ፣ ቁጥሩ 43 በሆነ ሽቦ ነው፤ የብሪጁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ 42 በሆነው ነው። የቀጠነ ሽቦ በአንድ ዙር የሚሰጠው ኦም ስለሚበልጥ፣ የአንገቱ ፒክአፕ ከብሪጁ እኩል ወይም የበለጠ ኪሎ ኦም እያሳየ በኃይልም በድምቀትም ያንሳል። ሁለት ፒክአፖችን በኪሎ ኦም ማወዳደር የሚቻለው ሽቦው፣ ማግኔቱና ቅርጹ አንድ ሲሆን ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ከቀን ሙቀት ጋር እንኳ ይለዋወጣል። የመዳብ ሬዚስታንስ በአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በቀዝቃዛ ጠዋት 8.0 የተለካው ፒክአፕ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 8.3 ይነበባል። የተሻለ የሚናገረው በሄንሪ የሚለካው ኢንደክታንስ (ጥቅሉ የኤሌክትሪክ ፍሰትን መለዋወጥ የሚቃወምበት መጠን) ነው፤ የስትራቶካስተር ዓይነቱ ከ2 እስከ 3፣ የቀድሞውን አሠራር የሚከተል ሃምበከር ከ4 እስከ 5 ሄንሪ አካባቢ ይሆናል። ቁጥሩ ሲያድግ የቀጫጭን ድምፆች ጥራት ወደ ታች ይወርዳል፣ የመካከለኛው ድምፅ ይወፍራል።

ታሪኩን ገዝቶ ድምፁን መጠበቅ

የጊታር ሠሪው ኩባንያ የጊብሰን መሐንዲስ የነበረው ሴዝ ላቨር ለሃምበከር የፈጠራ መብት ያመለከተው በ1955 ሲሆን፣ ፒክአፑ በጊታሮች ላይ የታየው በ1957፣ መብቱ የተሰጠው ደግሞ በ1959 ነው። መብቱ በመጠባበቅ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ትንሽ ወረቀት ከሥራቸው የተለጠፈባቸው የዚያ ዘመን ፒክአፖች ዛሬ እንደ ቅርስ ይታያሉ፤ ቅጂያቸውን የማያቀርብ ሠሪም የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ «ትክክለኛው ቅጂ» የሚባል ነገር እንዳለ ማመን ስህተት ነው። በዚያን ጊዜ የዙሩ ብዛት በጥብቅ አይቆጠርም ነበር፤ ማግኔቱም ከአንድ የአልኒኮ ዓይነት ወደ ሌላው ይቀያየር ነበር። በዚህም ምክንያት ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ፒክአፖች አንዱ 7 ሌላው 9 ኪሎ ኦም ሊሆኑ ይችሉ ነበር። እና የትኛው ነው የሚቀዳው?

ሽቦውን በእጅ እየመሩ የሚጠመጥሙ አነስተኛ ሠሪዎች ሥራቸው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ያልተስተካከለ አጠማጠም በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማከማቸት ጠባይ) ስለሚቀንስ ቀጫጭኑን ድምፅ ትንሽ ይከፍተዋል። ትንሽ ነው፤ ይሰማል ግን። ከሠሪው ስም ይልቅ ጥሩ ምልክት የሚሆነኝ፣ ገዢው ሲያዝ ስለ ጊታሩ፣ ስለ አምፕሊፋየሩና ስለሚጫወተው ሙዚቃ መልሶ የሚጠይቅ ሠሪ መሆኑ ነው።

ብርቱ ፒክአፕ ብርቱ ድምፅ ይሰጣል ብሎ ማሰብ

በ1972 የወጣው፣ ዲማርዚዮ የተባለው ኩባንያ የሠራው ሱፐር ዲስቶርሽን የተባለ ፒክአፕ በሴራሚክ ማግኔትና በብዙ ዙር ሽቦ የተሠራው፣ የዚያ ዘመን አምፕሊፋየሮች ከፊታቸው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ካላገኙ ድምፃቸው በቀላሉ ስለማይዛባ ነበር። ለዚያ ችግር ጥሩ መልስ ነበር። ዛሬ ግን አምፕሊፋየሩም ፔዳሉም ከሚፈለገው በላይ ማዛባት ይችላል፤ ችግሩ በሌለበት መፍትሔውን መግዛት ትርፉ የደበዘዘ ንጹሕ ድምፅና በጣት ልስላሴ የማይታዘዝ ጊታር ነው።

ከፒክአፑ በኋላ ያለውን ሰንሰለት መርሳት

ፒክአፕ ብቻውን አይሰማም። ለሲንግል ኮይል 250፣ ለሃምበከር 500 ኪሎ ኦም የሆነ የቮልዩም ቁልፍ መጠቀም የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም፦ አነስተኛው ቁጥር ቀጫጭኑን ድምፅ ይበልጥ ስለሚያለዝብ፣ ሃምበከርን 250 ላይ ያሠረ ሰው አዲሱ ፒክአፕ «ብርድ ልብስ የለበሰ» መስሎ ቢሰማው ሊገርመው አይገባም። ገመዱም የሰንሰለቱ አካል ነው። የጊታር ገመድ በአንድ ሜትር በግምት 100 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ ይኖረዋል፤ 4.5 ሄንሪ ያለው ሃምበከር በ3 ሜትር ገመድ ጎልቶ የሚሰማበት ጫፍ 3,700 ኸርትዝ አካባቢ ቢሆን፣ በ6 ሜትር ገመድ ወደ 2,800 ይወርዳል። ይህ ልዩነት አንዳንድ ሰው ፒክአፕ ቀይሮ ከሚያገኘው ይበልጣል። የጊታር ስፒከር ደግሞ ከ5,000 ኸርትዝ በላይ ያለውን በፍጥነት የሚቆርጥ ስለሆነ፣ ገንዘቡ አንድ ነገር ለመቀየር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ስፒከሩን እንዲያስቡበት እመክራለሁ።

መጠኑን ሳይለኩ ማዘዝ

ይህ አጭር ነው። የጊብሰን ዓይነት ሃምበከር የዳር ለዳር የብረት ጫፎቹ ርቀት 49 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ብዙ የፌንደር ዓይነት ብሪጆች 52 ወይም 53 ይፈልጋሉ። ክሮቹ ፒክአፑ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያላቸውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ፤ የጉድጓዱን ጥልቀትም አብረው ይለኩ። እጅ ሥራ የሆነን ጊታር ለፒክአፕ ብሎ መቦርቦር የማይመለስ ጉዳት ነው።

የሽቦ ቀለሞች በሁሉም ዘንድ አንድ ናቸው ብሎ ማመን

አንድ ምሽት ባለ አራት ሽቦ ሃምበከር በብሪጁ ቦታ ካሠርኩ በኋላ የወጣው ድምፅ በስልክ የሚሰማ ይመስል ቀጭንና ባዶ ሆነ፤ ጉርምርምታውም ከበፊቱ ባሰ። ፒክአፑ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ሣጥኑን እስከ ማሸግ ደርሼ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የአንዱን ኩባንያ ንድፍ ለሌላው ኩባንያ ፒክአፕ ተጠቅሜ ነበር። ሲይሞር ደንካን በተባለው ኩባንያ አሠራር ድምፅ የሚወጣበት ሽቦ ጥቁር ሲሆን ቀይና ነጩ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በዲማርዚዮ ደግሞ ድምፁ የሚወጣው በቀዩ ነው፣ የሚያያዙትም ጥቁርና ነጩ ናቸው። አረንጓዴው በሁለቱም ወደ መሬት (ግራውንድ) ሽቦው ይሄዳል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ከፊል መመሳሰሉ ነው። የደንካን ንድፍ ለዲማርዚዮ ፒክአፕ ሲውል አንደኛው ጥቅል ተገልብጦ ይታሠርና ሁለቱ ጥቅሎች ጉርምርምታውን በማጥፋት ፈንታ ድምፁን እርስ በርስ ያጠፋፋሉ።

የተለያዩ ሠሪዎችን ፒክአፖች ማቀላቀልም ተመሳሳይ ነገር ያመጣል፤ እያንዳንዱ ብቻውን ደህና ሆኖ ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ብቻ ድምፁ ይጎድላል። ከመበየድዎ በፊት ባለ ቀስት መልቲሜትር በየተራ ከሁለቱም ጋር በአንድ ዓይነት አቅጣጫ አያይዘው፣ የቡሎን መፍቻውን ብረት በፒክአፑ ጫፍ ላይ ያሳርፉ። ቀስቱ በሁለቱም ወደ አንድ ወገን ከዘለለ ይስማማሉ፤ ወደ ተቃራኒ ከዘለለ የአንደኛውን ሁለት ሽቦዎች ማለዋወጥ ነው። ፒክአፑ የብረት ክዳን ካለውና ክዳኑ ከመሬቱ ሽቦ ጋር ከተያያዘ ግን መጀመሪያ ያንን መለየት ይገባል፤ ያለዚያ ክዳኑ በእጅ ሲነካ ይጮኻል።

አሮጌውን መጣልና በትዝታ ማወዳደር

የወለቀው ፒክአፕ ሽቦው ሳያጥር፣ ቡሎኖቹና ምንጮቹ ሳይጠፉ በከረጢት መቀመጥ አለበት፤ ጊታሩ አንድ ቀን ቢሸጥ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። አዲሱንና አሮጌውን ለማወዳደር ደግሞ በመካከላቸው ለብየዳ የሚያልፈው አንድ ሰዓት ጆሮን ለማታለል ይበቃል። ስለዚህ ከመፍታትዎ በፊት አንድ አጭር ሐረግ በንጹሕ ድምፅ ይቅረጹ፤ የአምፕሊፋየሩን ቁልፎች በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ክሩንም ሆነ ገመዱን በዚያው ቀን አይቀይሩ። አዲሱን ካሠሩ በኋላ ያንኑ ሐረግ ይቅረጹና ሁለቱን ቅጂዎች ድምፃቸውን እኩል አድርገው ያዳምጡ፤ በጥቂቱም ቢሆን ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና።