ከታች ያለው ሞተር ለላዩ እሳት ሲያቀብል፦ የሮኬት ኪትን ባለ ሁለት ደረጃ ማድረግ

ኪቱን፣ ማለትም ተገጣጥሞ የሚበረውን ትንሽ የወረቀት ሮኬት፣ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ሞተሮቹ ግን በመንገደኛ ሻንጣ ስለማይፈቀዱ በካርጎ፣ በፈቃድ፣ ከስንት ምልልስ በኋላ ነው ጅማ የገቡት። ይሄን ቀድሜ ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። ፋብሪካ የሠራው ሞተር ካልተገኘ ባሩድ ቤት ውስጥ እቀምማለሁ የሚል ሰው አይጠፋማ። እባካችሁ ተዉት። ኪቱን ገጣጥማችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፣ እሱም ያምራል።

ባለ ሁለት ደረጃ ሲባል ብዙ ሰው ጉልበት መጨመር ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ዱላ ቅብብል ነው። የታችኛው ሞተር እሳቱን ለላይኛው አቀብሎ ይወድቃል። ዱላው መሃል ላይ ካመለጠ አለቀ።

መጀመሪያ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን እንየው። ሲ6-5 ካለ፣ ፊደሉ ጠቅላላ ጉልበቱ ነው፤ ሲ ከ5 እስከ 10 ኒውተን ሰከንድ ነው። 6 አማካይ ግፊቱ በኒውተን። የመጨረሻው 5 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆየው ሰከንድ ነው። ከታች የሚገባው መጨረሻው 0 የሆነው ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ቢ6-0 ወይም ሲ6-0። እነዚህ የሚዘገዩበት ነገር የላቸውም። ነዳጁ እስከ ጫፍ ነድዶ ሲበሳ ትኩሱ ጋዝና ፍሙ ወደፊት ይተፋና በላይኛው ሞተር ቀዳዳ ገብቶ ይለኩሰዋል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ማቀጣጠያ የሚገባው ለታችኛው ብቻ ነው። ላይኛው ደግሞ የባሩድ ሞተር መሆን አለበት፣ ሌላ ዓይነት ከሆነ በዚህ መንገድ አይነሳም። ቁጥሩም ረዘም ይበል፣ ኤ8-5 ወይም ሲ6-7፤ ሲለኮስ ቀድሞውኑ እየበረረ ስለሆነ ፓራሹቱ ቶሎ ከወጣ ይቀደዳል። ለመጀመሪያ ቀን ቢ6-0 ከታች፣ ኤ8-5 ከላይ ይበቃችኋል።

አሁን ወደ መቁረጡ። የኪቱ ሮኬት ላይኛው ደረጃ ይሆናል፣ ታችኛውን እኛ እንሠራለን። ኪቱ ውስጥ ሞተሩን ከታች የሚይዝ ቀጭን የብረት መንጠቆ አለ። ላይኛው ላይ እሱን እንዳትለጥፉት፣ በሁለቱ ሞተሮች መሃል ይገባና ያራርቃቸዋል። የሞተሩን መያዣ ከቱቦው ጠርዝ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ለጥፉት፤ በዙሪያው የሚቀረው ክፍተት ሁለቱን ቱቦዎች ለሚያያይዘው ማገናኛ ቀለበት ነው። መንጠቆ ስለሌለ ሞተሩ ላይ ስኮች ጠምጥማችሁ በግድ የሚገባ አድርጉት። ከላላ በፓራሹቱ ፈንታ ሞተሩ ራሱ ተተፍቶ ይወጣል።

የታችኛውን ቱቦ ኪቱ አይሰጣችሁም። እኔ የመወልወያ እጀታ ስለካው ከኪቱ ቱቦ ውስጥ ጋር እኩል ሆኖ አገኘሁት። እጀታው ላይ ላስቲክ ጠቀለልኩ፣ ከዚያ ካኪ ወረቀት ኮላ እየቀባሁ አዞርኩበት፣ ሲደርቅ አውጥቼ 8 ሳንቲሜትር ላይ በምላጭ ቆረጥኩት። ማገናኛውን ቀለበትም ከዚያው ወረቀት ሥሩ። ግማሹ ታችኛው ቱቦ ውስጥ ይለጠፋል፣ ግማሹ ላይኛው ውስጥ ገብቶ ይወጣል። በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጋችሁ ሞክሩት። ላይኛውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስታወዛውዙት ታችኛው በራሱ ቢንሸራተት ልክ ነው። ታችኛው ውስጥ ደግሞ የጋዙን መንገድ የሚዘጋ ምንም ነገር አይኑር።

ቅብብሉ ያለው እዚህ ጋ ነው፦ የላይኛውን ሞተር ቀዳዳ ከታችኛው ራስ ጋር ግጥም አድርጉና መጋጠሚያውን በስኮች አንድ ዙር ጠቅልሉት። አንድ ብቻ። ካልጠቀለላችሁት ጋዙ ቀድሞ ይገፋቸውና ሳይለኮስ ይለያያሉ። ብዙ ከጠቀለላችሁት ደግሞ አልላቀቅም ይላል።

እኔን ጉድ የሠራኝ ግን ስኮቹ አይደለም፣ ሚዛኑ ነው። ሮኬት ሚዛን የሚጠብቅበት ነጥብ የአየሩ ግፊት ከሚያርፍበት ቦታ ቢያንስ አንድ የቱቦ ስፋት ቀደም ማለት አለበት። ከታች ሞተር ስትጨምሩ ጅራቱ ይከብዳል፣ ነጥቡም ወደ ኋላ ይሸሻል። ለዚህ ነው የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ሰፋ የሚለው። ይሄን አውቃለሁ! ሮኬቱን በሲባጎ አስሬ፣ ሜዳ ላይ አሽከርክሬ፣ አፍንጫው ወደፊት ሲሄድ አይቼ በኩራት ወደ ቤት ገባሁ። ሞተሮቹን ሳላስገባ ነበር ለካ። በማግስቱ ተነሳ፣ ትንሽ እንደሄደ ወደ ጎን ተጋደመ፣ እና ልክ በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ሞተር ተለኮሰ። ቅብብሉ እንከን አልነበረውም። ሮኬቱ እንደ ጦር ባህር ዛፎቹ መሃል ገብቶ አንድ ቡና ማሳ ውስጥ ተገኘ፣ አፍንጫው እንደ ቆርኪ ተጨፍልቆ። እናማ የማሽከርከሩን ሙከራ ሞተሮቹ፣ ፓራሹቱ፣ ሁሉም ነገር በውስጡ እያለ አድርጉት። ላይኛውንም ለብቻው ሞክሩት፣ ከተለያዩ በኋላ ብቻውን ነው የሚበረው። አፍንጫው ወደኋላ ከዞረ ክንፉን አስፉ ወይም አፍንጫው ውስጥ ጭቃ ጨምሩ። ጠቅላላ ክብደቱ ግን ከ100 ግራም አይለፍ።

የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ወረቀት ቱቦ እርጥበት አይወድም። ከኅዳር እስከ ጥር ማለዳ ላይ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ጥሩ ነው። ሣሩ የደረቀ ከሆነ ግን ባልዲ ውኃ ያዙ። ከአባ ሰጉድ ኤርፖርት ራቁ፣ ቀበሌውንና ፖሊስን አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ሰማይ ላይ ከጮኸ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል። ማስነሻ ዘንጉን ቀጥ አድርጉት፣ ያዘነበለ ሮኬት ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ይብስበታል። የማስነሻውን ቁልፍ ተጭናችሁ ካልተነሳ ከማስነሻው ላይ የደህንነት ቁልፉን ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳትጠጉ ጠብቁ።

ታችኛው ክፍል ፓራሹት የለውም፣ ቀላል ስለሆነ እየተገለባበጠ ይወርዳል። አንድ ልጅ እሱን ብቻ እንዲያይ መድቡት፣ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ላይ ስለሚያንጋጥጥ። ውስጡ ፍም ሊኖር ስለሚችልም ልጁ በእጁ እንዳያነሳው፣ ባልዲውን ይዞ የሚከተለው አንድ ትልቅ ሰው ይኑር።